የመምህር ጥጋቡ ጓዴ እና የሃያ ሦስቱ ድንጋዮቻቸው ታሪክ

መምህር ጥጋቡ ጓዴ ከአባታቸው ከአቶ ጓዴ ወልደማርያም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ሙላት፣ በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ከፊታቸው የነበሩት ሁለቱ በሕፃንነታቸው ስላረፉ እንደ በኩር ልጅ ሆነው አደጉ። ከእርሳቸው በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ሙላው ተወለደ።

በሰባት ዓመታቸው ፊደል ቆጥረው በአሥራ አንድ ዓመታቸው ዳዊት ደገሙ። በ1940 ዓ.ም. ወደ እስቴ ተሻግረው ቅኔ ቤት ገቡ። እዚያም ሁለት ዓመት ተቀመጡ። የየቅጠሉን ስም፣ የየሥሩን መልክ፣ የትኛው እንደሚመር፣ የትኛው እንደሚያስነጥስ ማወቅ የጀመሩት በዚያን ጊዜ ነው። በ1942 ዓ.ም. ለማንም ሳይናገሩ ወደ ደብረ ታቦር ሄደው በመንግሥት ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። አባታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ፣ "ቅኔ ቤት ሰድጄው አስኳላ ገባ" ብለው ዓመት ሙሉ ስንቅ አልላኩላቸውም። እናታቸው ግን በወንድማቸው በሙላው ጀርባ ቆሎና በሶ ይልኩ ነበር። ሙላው መንገዱን በዚያ ምክንያት አወቀው፤ ትምህርት ቤቱን ግን ከበሩ አልፎ አያውቅም። ሁለቱም ልጆች ቢሄዱ እርሻውን የሚይዝ አልነበረም።

መምህር ጥጋቡ ስምንተኛ ክፍልን በ1948 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም በመምህራን ማሠልጠኛ ሁለት ዓመት ተምረው በ1951 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ ተመደቡ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ከእስቴዋ ከወይዘሮ ይታይሽ ገብረ ኢየሱስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1952 ዓ.ም. ልጃቸው አበራሽ ተወለደች። ሁለተኛው ልጃቸው በሁለት ዓመቱ በኩፍኝ ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ የተወለደውን ፈንታሁን አሉት። በ1955 ዓ.ም. ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ አርብ ገበያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ሕይወታቸው እስካለፈ ድረስም ከዚያ አልወጡም።

ትምህርቱ በአማርኛ ይሰጥ ከተባለ በኋላ መምህር ጥጋቡ ሳይንስ እንዲያስተምሩ ተደረገ። ማሠልጠኛ የተማሩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ ጋይንቴዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝተው ገጹን ሦስት ቦታ ከፈሉት። በመጀመሪያው የመጽሐፉን ቃል፣ በሁለተኛው አገሩ የሚለውን፣ በሦስተኛው ከማን እንደሰሙት ጻፉበት፤ ዳር ዳሩንም ሥዕል ሣሉበት። የንብ ቃላትን ከንብ አርቢዎች፣ የእህል ቃላትን ከገበሬዎች፣ የማሕፀንና የወሊድ ቃላትን በወይዘሮ ይታይሽ በኩል ከአዋላጆች ለቀሙ። ለፋሲካ ቅርጫ በሬ ሲታረድ ተማሪዎቻቸውን በሬው ዙሪያ ያቆሙ ነበር። አራጁ አንዱን ብልት ብድግ ሲያደርግ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ስሙን ይጠሩታል። አንድ ዓመት ልጆቹ ጣፊያን አውቀው እርሳቸው የመጽሐፉ ቃል ጠፋባቸው። አራጁም፣ "መምህር፣ ዛሬ እርስዎ ወደ ኋላ ይቀመጡ" አላቸው። እርሳቸውም እውነት ከልጆቹ ኋላ ሄደው ተቀመጡ።

ያስቸገራቸው ፎሲል የሚለው ነበር። በደብተሩ ላይ "ዱሮ ሕይወት የነበረው፣ ዛሬ ድንጋይ የሆነ" ብለው ጻፉ፤ ልጆቹ ግን አልተቀበሉትም። ሕይወት ያለው ነገር ይበሰብሳል እንጂ እንዴት ድንጋይ ይሆናል አሉ። የክፍሉ ወለል በየዓርቡ በእበት ይለቀለቅ ነበርና፣ አንድ ዓርብ መምህሩ የዋንዛ ቅጠል በእርጥቡ ልቅላቂ ላይ ተጭነው ተዉት። ሰኞ ልጆቹ ሲገቡ ቅጠሉ ደርቆ ጠፍቷል፤ ጅማቱ ግን አንድም ሳይቀር በወለሉ ላይ ታትሟል።

"ቅጠሉ የት ሄደ፣ ጋሼ?" አለች አንዷ ተማሪ።

"ነፋስ ወሰደው።"

"ታዲያ ይሄ ምኑ ነው?"

"ይሄማ አሻራው ነው። ወለሉ ድንጋይ ቢሆን፣ አንቺም አያትም ቅድመ አያትም ሆነሽ ብታልፊ፣ ይሄ ይቀመጣል።"

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ደለል፣ ንብርብር፣ አሻራ፣ ቅርፊት የሚሉት ቃላት በአርብ ገበያ ልጆች አፍ ገቡ። ቅዳሜ እና እሑድ መምህሩ ዱላቸውን ይዘው ድንጋይ ፍለጋ ይወጡ ጀመር። የቀንድ አውጣና የዛጎል መልክ ያለባቸውን ነጫጭ ድንጋዮች ከስማዳ ቆላ፣ ወደ ዓባይ ከሚወርደው ገደል አመጡ። አንድ ክንድ ከስንዝር የሚሆነውን የድንጋይ ግንድ የሰጧቸው አቶ አያሌው የተባሉ ገበሬ ናቸው። ግንዱ ከማረሻቸው ሥር የወጣ ነበር። "እንጨት መስሎኝ በምሳር ብለው የምሳሬ አፍ ጎደለ። ይህን ጉድ ከማሳዬ ካነሡልኝማ መርቄ እሰድዎታለሁ" አሏቸው። ከሁሉም የሚወዱት ግን ከእስቴ ወንዝ ዳር ያገኙትን ነው። የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲሆን በላዩ አንድ ሙሉ ቅጠል ከነዘንጉ ነበረበት። የጠርዙ ጥርስ ሳይቀር ይቆጠራል። በሰባት ዓመት ውስጥ ድንጋዮቹ ሃያ ሦስት ሆኑ። በክፍሉ ግድግዳ ሥር በመደብ ላይ ደረደሯቸው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳሰስ ስማቸውን ይጠሩ ነበር።

የነፍስ አባታቸው ቄሰ ገበዝ ገብረ ሥላሴ አንድ ቀን መጥተው አዩ። ዛጎሉን አገላብጠው፣ "የኖኅ ውሃ ያመጣው ነዋ" አሉ።

"ውሃ መሆኑን ተስማማን፣ አባ" አሉ መምህሩ።

"የቀረውንስ?"

"የቀረውን ልጆቹ ሲያድጉ ይከራከሩበት።"

መምህር ጥጋቡ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክፍል እንዲሠራ ለአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስድስት ዓመት ጻፉ። ክፍሎቹ የሣር ክዳን ስለነበሩ ክረምት ዝናቡ በድንጋዮቹና በደብተሮቹ ላይ ይወርድ ነበር። በ1962 ዓ.ም. በጥር ወር መልስ መጣላቸው። በግንቦት ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ፣ የድንጋዮቹ ስብስብ በትምህርት ቤቱ ውስጥ መኖሩን ካረጋገጠ የቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ክፍል እንደሚሠራ ደብዳቤው ይገልጻል። ደብዳቤውን ለስድስተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ አነበቡላቸው።

በዚያው ወር መጨረሻ ተስቦ ያዛቸው። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተፈራርቀው በአራት ቀን ደብረ ታቦር አደረሷቸው። አንድ ወር ሙሉ ሰው አልለዩም። ይሞታሉ ተብሎ ወሬ ደረሰ።

በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንብ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ሰው ሁሉ በየበዓሉ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል። የታመመ ያለው ቤተ ሰብ ደግሞ በታማሚው ስም ተስሎ ይወስዳል፤ በስሙ የሚወሰደውም ከንብረቱ የተሻለው መሆን አለበት። የመምህር ጥጋቡ ንብረት ምን እንደነበረ ደግሞ ልጆቹም ወንድማቸውም ያውቁታል። የካቲት 21 ቀን፣ የማርያም ዕለት፣ ልጃቸው አበራሽ ከፊት ሆና የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ድንጋዮቹን አንድ አንድ ይዘው ወጡ። ግንዱን ልጆች ስለማይችሉት በአህያው ጭኖ ያደረሰው ለጥየቃ ከስማዳ መጥቶ የነበረው ሙላው ነው። ከልጆቹ አንድም የተከለከለ አልነበረም፤ የመጡት ሁሉ እየተመረቁ ድንጋያቸውን አስረከቡ። ግንበኛው አቶ መንግስቴ ድንጋዮቹን በዚያው ቀን በጭቃ አስገቧቸው። ሙላውም ሥራው እስኪያልቅ ጭቃ እያቦካ፣ ድንጋይ እያቀበለ ዋለ።

በመጋቢት መምህር ጥጋቡ ተሻላቸው።

በሚያዝያ መጀመሪያ በበቅሎ አርብ ገበያ ገቡ። ልጆቹ ከወንዙ ወዲያ ድረስ ወጥተው ተቀበሏቸው። አበራሽ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ፣ "አባዬ፣ ሃያ ሦስቱንም አድርሰናቸዋል" አለቻቸው።

"የት?"

"ለማርያም። በስምህ።"

መምህሩ ከበቅሎዋ ወርደው መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ልጆቹ ደክሟቸው መስሏቸው ውሃ አመጡላቸው። ጠጡት። ቆይተው፣ "ከባድ አልነበሩም?" ብለው ጠየቁ። ልጆቹም ማን የትኛውን እንደተሸከመ በየተራ ነገሯቸው። ሁሉም ድንጋዩን በትክክለኛ ስሙ ጠራ። አንዱ ተማሪ ብቻ ቀንድ አውጣውን ዛጎል ቢለው እዚያው ጓደኞቹ አረሙት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሳምንት ከባድ ነበር። ተቆጣጣሪው ሊመጣ የቀረው አንድ ወር ነው። ወይዘሮ ይታይሽ ሽማግሌ ልከው ነገሩን ለቤተ ክርስቲያኒቱ አስታወቁ። ቄሰ ገበዝ መምህሩን አስጠርተው ከግንቡ ሥር ተነጋገሩ። አቶ መንግስቴም ነበሩ።

"ጭቃው ገና ነው" አሉ አቶ መንግስቴ። "ሁለት ቀን ከሰጣችሁኝ ነቅዬ አወጣቸዋለሁ። ግን ስለት ያወጣ እጅ ተብሎ የኔ እጅ እንዳይጠራ።"

"የማንም እጅ አይጠራም" አሉ ቄሰ ገበዝ። ወደ መምህሩም ዞረው፣ "ልጄ፣ አውጡልኝ ካልህ ይወጣሉ። እኔ እናገርልሃለሁ። ነገር ግን የተሰጡት ላንተ ነፍስ ነው፤ አንተም ቆመሃል። ልጆቹ ይህን አይተዋል። ሲወጣም ያያሉ። ይህን ነው የምነግርህ" አሏቸው።

"ክፍሉስ፣ አባ?"

"ክፍሉን እኔ አልሰጥህም። ያለኝ ግንብ ነው።"

መምህር ጥጋቡ ወደ ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ስድስተኛ ክፍልን አሰልፈው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ግንቡን እየዞሩ ድንጋዮቹን አንድ አንድ ፈለጉ። ልጆቹ እያገኙ ስማቸውን ሲጠሩ እርሳቸው በደብተሩ ላይ ቦታቸውን ጻፉ። ግንዱ በመሠረቱ ላይ ተኝቷል። ዛጎሎቹ በመስኮቱ ዙሪያ ናቸው። እስከ ቀትር አሥራ ዘጠኙን አገኙ። አራቱ ግን ፊታቸው ወደ ግንቡ ውስጥ ስለዞረ ከሌላው ድንጋይ አይለዩም። ቅጠሉ ያለበት ከአራቱ አንዱ ነው። አቶ መንግስቴ ተጠይቀው የትኛው እንደሆነ አላስታወሱም። መምህሩ ግንቡ እንዲነካ ሳይጠይቁ ቀሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ድንጋዮቹን ስለማውጣት ከማንም ጋር አልተነጋገሩም።

ተቆጣጣሪው በግንቦት በበቅሎ መጡ። መምህሩ ባዶውን መደብ አሳይተው ወደ ግንቡ ወሰዷቸው። ልጆቹ እየነኩ ስሙን፣ እንዴት ድንጋይ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ተናገሩ። ተቆጣጣሪው ደግ ሰው ነበሩ፤ ብዙ ጊዜ ቆመው ሰሙ። በመጨረሻም፣ "መምህር ጥጋቡ፣ የቤተ ክርስቲያን ግንብ በትምህርት ቤት ንብረት ላይ ልጻፍልዎት?" አሏቸው።

"አይጻፉት" አሉ መምህሩ።

"እንግዲያው ስብስብ የለም ብዬ ልጽፍ ነው።"

"እሱን ይጻፉ። ግን ልጆቹ አልተሳሳቱም፣ እሱንም አብረው ይጻፉልኝ።"

ክፍሉ አልተሠራም። ተቆጣጣሪው ልጆቹ እንዳልተሳሳቱ ጽፈው እንደሆነ አልታወቀም።

ከዚያ ወዲያ መምህር ጥጋቡ የሕያዋን ነገሮችን ትምህርት ዓርብ ዓርብ በግንቡ ሥር አስተማሩ። ከገበያ የሚመለስ ሰው እያለፈ ያዳምጥ ነበር። አቶ አያሌውም አህያቸውን አቁመው ስለ ግንዳቸው የሚባለውን ሰምተው፣ "ይሄንን አውቄ ቢሆን ምሳሬን አላሳዝናትም ነበር" አሉ። ቅጠሉን መምህሩ ጥርሱን እየቆጠሩ በጣታቸው በመሬት ላይ እየሣሉ አስተማሩት። በየዓመቱ አዲስ የሚገቡ ልጆች ከየትኛው ድንጋይ ጀርባ እንዳለ ይከራከራሉ። መምህሩ ልክ ነህ፣ ልክ አይደለህም አይሉም፤ አያውቁትምና። ራሳቸውም ማንም በሌለ ጊዜ እየሄዱ ድንጋዮቹን በእጃቸው ይዳስሱ እንደነበር ያዩ ሰዎች አሉ። ሌላ የቅጠል ድንጋይ ፍለጋ ሁለት ጊዜ ወደ እስቴ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

በነዚሁ ዓመታት በጋ በጋ ሙላው ወንድሙን ለመጠየቅ ይመጣ ነበር። ፊደል የለየው ከቃላቱ ደብተር ነው። አስተማሪ አልነበረውም። መምህሩ ክፍል ሲሆኑ ደብተሩን ዘርግቶ፣ የሚያውቀውን ነገር ሥዕል እያየ፣ አጠገቡ የተጻፈውን በግምት እየያዘ ማንበብ ቻለ። መምህሩ ደርሰውበት፣ "ከማን ተማርህ?" ሲሉት፣ "ከበሬው" አላቸው። የበሬው ሥዕል ያለበት ገጽ ከሁሉ የቆሸሸው ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በነሐሴ ወር መምህር ጥጋቡ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ምግብም እምቢ አላቸው። ሕመሙ የጉበት ነው ተባለ። እንደገና ደብረ ታቦር ሄደው በመስከረም ተመለሱ። የሚደረግላቸው ነገር እንደሌለ ለወይዘሮ ይታይሽ ተነግሯቸው ነበር። በጥቅምት ማስተማር አቆሙ። ልጆቹ በየቀኑ በተራ እየመጡ በፊት የተማሩትን ይነግሯቸው ነበር፤ አዲስ የሚያስተምራቸው ግን አልነበረም። ለሳይንስ የተተካ መምህር ገና አልመጣም።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሙላው ብቻውን አጠገባቸው ተቀምጦ ሳለ አንድ ነገር ነገራቸው።

"ጋሼ፣ ያቺን የቅጠል ድንጋይ ፊቷን ወደ ውስጥ ያዞርኳት እኔ ነኝ። መንግስቴ ወደ ውጭ አድርጎ ሊያስቀምጣት ነበር፤ ከእጁ ተቀብዬ አዞርኳት።"

መምህሩ ዓይናቸውን ገለጡ። "ለምን?"

"ውጭ ከሆነች ዝናብ ያጥባታል። ሁልጊዜ የምትፈራው እሱን ነበር። ቅጠሉ ይጠፋባታል ብዬ።"

"ሦስት ዓመት ለምን አልነገርኸኝም?"

"ስትፈልጋት አየሁህ። ከዚያ መናገር አቃተኝ።"

መምህር ጥጋቡ ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። ሙላው የተኙ መሰለው። ቆይተው፣ "የት ላይ ናት?" አሉ።

"ከምሥራቁ በር በስተቀኝ። ከመሬት አምስተኛው ረድፍ። ከማዕዘኑ ሦስተኛዋ።"

"ደብተሩን አምጣ።"

ደብተሩን አመጣ። እጃቸው እርሳስ መያዝ ስላልቻለ፣ "አንተ ጻፈው" አሉት። ሙላው በዚያ ደብተር ላይ ጽፎ አያውቅም። ቀስ ብሎ ጻፈው፤ ሁለት ጊዜም ሰረዘ። መምህሩ ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት። በሦስተኛው ቦታ፣ ከማን እንደተሰማ በሚጻፍበት ላይ፣ "ሙላው ጓዴ ብለህ ጻፍ" አሉት። ጻፈ። "በል እንግዲህ፣ ዝናብም አይነካትም። ደግ ነው" አሉት። በማግስቱ አበራሽን እና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን አስጠርተው ቦታዋን በቃላቸው እንዲይዙ አደረጉ። ልጆቹም ወጥተው ድንጋይዋን አገኟት። የምትታየው ጀርባዋ ነው፤ ጠቆር ያለች፣ ሸካራ ድንጋይ ናት። ተመልሰው መጥተው አገኘናት አሏቸው። መምህሩም ስንት ጥርስ እንዳላት ጠየቋቸው። ሠላሳ አንድ አሉ፤ ልክ ነው።

ትናንት ዓርብ ኅዳር 15 ቀን 1965 ዓ.ም. ማለዳ ላይ፣ ሰው ወደ ገበያ መውጣት በጀመረበት ሰዓት፣ በተወለዱ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መምህር ጥጋቡ ጓዴ ባለትዳርና የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ሙላት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ገብረ ኢየሱስ፣ ልጆቻቸው አበራሽ እና ፈንታሁን፣ ታናሽ ወንድማቸው ሙላው፣ እንዲሁም በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በንፋስ መውጫና በአርብ ገበያ ያስተማሯቸው ልጆች በሕይወት አሉ። የቃላቱ ደብተር በትምህርት ቤቱ ይቀመጣል። የሚተካው መምህር ሲመጣ ልጆቹ ወደ ግንቡ ወስደው ሃያውን ያሳዩታል፤ ሦስቱ የት እንዳሉ አይታወቅም።

አፈርን ፈጥሮ በአፈር የሚያሳርፍ አምላክ የወንድማችንን የመምህር ጥጋቡን ነፍስ ከደጋጎቹ ወገን ይቁጠርልን። ለእናታቸው ጉልበት፣ ለባለቤታቸው ጽናት፣ ለልጆቻቸው ዕድሜ ይስጥልን። አሜን።